እናቴ መማል የተወች ጊዜ

እናቴ ታናሽ ወንድሜን ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ምሰሶ ጋር በመቀነቷ ታስረው ነበር። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች አሉ። የራሴ ልጆች እንኳ «አያታችን?» ብለው አፍጠውብኛል። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ቶሎ እናደዳለሁ። ወንዙን አላዩትማ!

ቤታችን ኮልፌ ነበር፤ ዛሬ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከሚባለው አለፍ ብሎ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር። አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። አጥርም የበር ቁልፍም የላትም፤ ከበሩ ጥቂት ራመድ ሲሉ ገደል ነው፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ የሰው በግ ይዞ ሲወርድ ደጃችን ቆመን አይተናል። አባታችን የወደብ ሥራ ተገኘ ብሎ ወደ አሰብ እንደ ወረደ ቀርቷል። ሞተ የሚልም፣ ሌላ ትዳር ያዘ የሚልም ነበር፤ እናቴ ስለ እሱ ማውራት አትወድም።

እሷ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ መርካቶ አጠገብ ወዳለ የቡና መጋዘን በእግሯ ትሄዳለች። ሥራዋ ቡና መልቀም ነው፤ ከተከመረው ቡና ፊት ተቀምጦ ጥቁሩንና የተሰበረውን ከደህናው መለየት። ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት እውላለሁ፣ የምመለሰው ለምሳ ነው። በዚህ መሃል ወንድሜን የሚጠብቀው እንግዲህ መቀነቱ ነበር።

ቀላሉ መንገድ እኔን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ነበር። ሰፈሩም ያንኑ ነው የሚመክራት። «ሴት ልጅ አለችሽ አይደል እንዴ? ምን ትጨነቂያለሽ?» ይሏታል። እናቴ ሙግት አትወድም፤ «እሷን ተዉልኝ» ብላ ትዘጋዋለች። ከዚያ በማግስቱ ያንኑ ታደርጋለች፤ መቀነቱን በወገቡ ታዞራለች፣ እስከ መደቡ እንዲያስኬደው ላላ አድርጋ ታስራለች፣ ቂጣ በሳህን ውሃ በጣሳ አጠገቡ ታኖርለታለች፣ ግንባሩን ስማው ትወጣለች። እኔ ከትምህርት ቤት በሩጫ መጥቼ እፈታዋለሁ። ብዙ ጊዜ ምሰሶውን አቅፎ ተኝቶ ነው የማገኘው።

ከጎናችን ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ ነበሩ። ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ይሸጣሉ። በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው ኮልፌ ያረጁ ሙስሊም ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸውም አድገው በየንግዳቸው ተበትነዋል። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ብቻ ስለሚላቸው እኔም እዚህ እትዬ እላቸዋለሁ። አፋቸው አይጣል ነው። ሕፃን ሳይቀር ሱቃቸው በር ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ጠርጎ ነበር የሚቆመው።

አንድ ቀን ወንድሜ ሲንፈራገጥ መቀነቱ ተጠማዞ ጎኑን ላጠው። ጩኸቱ ሱቁ ድረስ ተሰማ። እትዬ በራችንን ገፍተው ገቡ፣ ፈቱት፣ ቁስሉን በለብታ አጠቡለት። ከዚያ እንደ ተቆጡ ሱቃቸውን እንኳ ሳይዘጉ ወደ አጥቢያ ዳኛው ሄዱ። የሰፈር ጠብና የሰፈር ነውር ያን ጊዜ የሚታየው እሱ ዘንድ ነው። እትዬ የፈለጉት እናቴን ጠርቶ እንዲገሥጻት ብቻ ነበር። እሱ ግን ነገሩን ለፖሊስ አስተላለፈው። እኔ ምሳዬን ሳልጨርስ ሁለት ፖሊሶች መጡና ወንድሜን አቅፈው ይዘውት ወጡ። የአንዱን ካፖርት ይዤ እስከ መንገዱ ድረስ ተጎተትኩ። እትዬ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

እናቴ ማታ ስትገባ ምሰሶው ብቻውን ነው። እንዴት እንደ ሆነች አልጽፈውም።

ወንድሜ የገባው ከከተማው ወዲያ ጫፍ ወዳለ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። እናቴ ፍርድ ቤት ተጠራች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ከዳኛው ራስ በላይ የንጉሡ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «ልጅሽን ታስሪዋለሽ?» አሏት።

እናቴ በዕድሜዋ ዳኛ ፊት ቆማ አታውቅም። እጇን ወደ ላይ ዘረጋችና «ልጆቼን ይንሳኝ ጌታዬ! አስሬው አላውቅም!» አለች።

እኛ ሰፈር ሰው በመሐላ አይሰስትም። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «ልጄን ይንሳኝ አያዋጣኝም» ብላ ምላ ወዲያው ትቀንሳለች፤ የሚቀየማትም የለም። እናቴም አፏ ላይ የመጣላትን ነው ያለችው። ግን ይኼ ሽንኩርት አልነበረም። ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ እጇም እንደ ተዘረጋ ቀረ።

ዳኛው የቤተሰቡን ኑሮ የሚያጠና ሰው እንዲላክ አዘዙ፣ ቀጠሮ ሰጡ፣ ልጁ እስከዚያው ባለበት ይቆይ አሉ።

የተላከችው ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት። እንዲህ የሚባል ሥራ መኖሩን ኮልፌ ያን ቀን ነው የሰማው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ገና ልጅ እግር ሴት፤ ጫማዋ ተረከዙ ከፍ ያለ ስለነበር የእኛን ቁልቁለት ስትወርድ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረባት። አጎንብሳ አወጣችው፣ ሁለቱንም አውልቃ በእጇ ያዘችና በባዶ እግሯ መጣች። በራችን ላይ ቆማ «እንደምን ዋሉ? መግባት ይቻላል?» አለች። ከኋላዋ ሰው የመጣ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከመሥሪያ ቤት መጥቶ እናቴን «እርስዎ» ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። እናቴም አታውቅም መሰለኝ፣ «እመቤቴ» እያለች ቆማ ቀረች። ልጅቷ መደቡ ላይ እስክታስቀምጣት ድረስ አልተቀመጠችም።

ብዙ ጠየቀቻት። ስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ ወንድሜ ምን መብላት እንደሚወድ፣ ሌሊት ምን ሲሆን እንደሚያለቅስ። ዓይኗ አንድ ጊዜ ምሰሶው ላይ ሲያርፍ አየኋት። ስለ ማሰር ግን አልጠየቀችም። ስትወጣ «ነገ ልጁን አብረን እናየዋለን» አለቻት።

እናቴ ዓይኗን ሰበረች። «እኔ… ባልሄድስ?»

ልጇን ለማየት የማትፈልግ እናት! ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ይህን ሰምታ ብትቀየማት ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን «እኔ ለማንኛውም ጠዋት እመጣለሁ» ብላ ሄደች። ጠዋትም መጣች፤ ተረከዝ የሌለው ጫማ አድርጋ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ እየጠበቀቻት ነበር።

ማሳደጊያው ውስጥ ኩፍኝ ገብቶ ኖሮ ወንድሜ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። ዓይኑን ገልጦ አየንና መልሶ ከደነ። ነርሷ «ይሻለዋል፣ እያየነው ነው» አለችን። እናቴ ነርሷን አልሰማቻትም። ወጥታ ከግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፣ ደረቷን መምታት ጀመረች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት! በውሸት ምዬበት! አስረው ነበር፤ በየቀኑ አስረው ነበር!»

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እጇን ያዘችና እስክትረጋጋ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ «አውቃለሁ» አለቻት። «ምሰሶውን አይቼዋለሁ። ከማሰር ብዛት መሃሉ ላይ ለስልሷል።»

እናቴ ቀና አለች። «አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«እኔ ብናገረው ምን ይረባል? ከርስዎ አፍ መውጣት አለበት። ዳኛውም ፊት እንዲሁ ይንገሯቸው።»

«ይወስዱብኛላ!»

«ሊወስዱብዎት ይችላሉ። አይወስዱም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ባዶ እጃችንን አንሄድም።»

ያን አለመዋሸቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ሌላው ሁሉ «አይዞሽ፣ ምንም አይልም» እያለ ያባብለን ነበር፤ ማባበል ደግሞ እናቴን ይብስ ያስፈራታል። ይህች ግን የሚያስፈራውን ነገር ስሙን ጠርታ አጠገባችን ተቀመጠች። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲያ «እመቤቴ» ማለቱን ትታ «ልጄ» ትላት ጀመር።

የሚያስፈልገውን መንገድ መንገዱን ነገረችን። እናቴ ሥራ በምትውልበት ሰዓት ልጁን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ደግሞ ቤት ወይም ንብረት ያለው፣ ዳኛው ፊት ቆሞ «እኔ አለሁላት» የሚል ዋስ ያስፈልጋል። ያለ ዋስ መመለስ ዘበት ነው።

ዋስ ፍለጋ ወጣን። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አብራን ትሄዳለች እንጂ ለእናቴ አፍ አልሆነችላትም። እናቴ ራሷ እንድትጠይቅ ነበር የምትፈልገው፤ «ዳኛው ፊትም የሚናገሩት እርስዎ ነዎት» ትላታለች። አከራያችን ቤት ሄድን፤ ሰውየው ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ክረምቱ አወራን። የወንድሜ ክርስትና አባት ዘንድ ሄድን። እሱም «እኔ መንግሥት የገባበት ነገር ውስጥ አልገባም» አለን፤ በሩን እስከ ግማሽ ብቻ ከፍቶ ነበር። እናቴ ስትመለስ በየበሩ ትንሽ ትንሽ እያጠረች የመጣች መሰለኝ። ቀጠሮው ደግሞ ቀርቧል።

ያን ዕለት ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ደጃችን ላይ ቆመችና «ጎረቤትዎን አልጠየቅናቸውም» አለች።

«ማንን?»

«ባለሱቋን።»

የእናቴ ቁጣ እንዲህ ነው ብሎ መናገር አይቻልም። «ሞቼ ነው ቆሜ! ያስወሰዱብኝ እሳቸው፤ እሳቸውን ደጅ ልጠና? ወንዙ ይውሰደኝ!» እያለች ጮኸች። እትዬ ሱቃቸው ውስጥ ሆነው መስማታቸው አይቀርም፤ ግድግዳው አንድ ነው።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቁጣው እስኪበርድ ቆየችና «ልጁ የዚያን ቀን ሲጮህ ስንት ሰው የሰማ ይመስልዎታል?» አለቻት። «ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በር ገፍቶ የገባ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ወደ ሱቁ ተራመደች፤ እኛም ከኋላዋ።

እትዬ ላምባ በማንቆርቆሪያ እየቀዱ ነበር። እናቴን ሲያዩ ላምባው ባንኮኒው ላይ ፈሰሰባቸው። እናቴ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ በየበሩ ስንዞር ስታነበንበው ሰምቻለሁ። ያ ሁሉ ጠፋባትና «እትዬ፣ ልጄን…» ብላ ቀረች።

«ምን ልጄን ልጄን ትያለሽ!» እትዬ ጮኹባት። «እኔ አጥቢያ ዳኛው ይቆጣታል ብዬ እንጂ ልጅ ይነጥቃል ብዬ ነው? ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል! እዚህ ጎን ለጎን ተቀምጬ፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን አላመጣሽልኝም?»

«እርስዎን እንዴት ብዬ ላስቸግር…»

«እንዴት ብለሽ? ‘ያዙልኝ’ ብለሽ ነዋ!»

እናቴ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ላምባ ላይ። እትዬ «ነጠላሽ! ነጠላሽ!» እያሉ ሊያነሷት ሲታገሉ እሳቸውም እያለቀሱ ነበር። እኔና ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ተያየን፤ እሷ ሳቋ መጥቶባት ፊቷን አዞረች። ያን ሳቅ በጣም ነው የምወድላት።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። እናቴ ቀድማ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ በውሸት መማሏን ተናግራ ነበር። ዳኛው ፊት ስትቆም ያንኑ ጥያቄ ደገሙላት።

«አዎ ጌታዬ፣ አስረው ነበር» አለች። መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «በዚህ ነው። ወንዝ እንዳይገባብኝ ነው። ባለፈው በውሸት ነው የማልኩት፤ ከእንግዲህ በልጆቼ አልምልም።»

ዳኛው መቀነቱን ትንሽ ተመለከቱ። «ካልማልሽ በምን ልመንሽ?»

«ቤቴ መጥተው ይዩ። አለዚያም ይህችን ልጅ ይጠይቋት፤ ታውቀኛለች።»

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ተነሥታ ያየችውን ሁሉ ተናገረች፤ ምሰሶውንም፣ ወንዙንም፣ ቂጣና ውሃውንም። አንዱንም አላሳመረችም፣ አንዱንም አልደበቀችም። ዳኛው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ታላቂቱ ቤት ሆና ልትጠብቀው አትችልም ነበር?»

እናቴ አንድ ቃል ብትል ነገሩ ሁሉ ሊያልቅላት ይችላል። ወንድሜን ለማስመለስ ሰፈሩ የሚያውቀው ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው። እኔም «እሺ እቀራለሁ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

እናቴ እጄን ጨበጥ አደረገችና «እሷ ትማራለች ጌታዬ» አለች።

ይህችን ጽሑፍ የምጽፍበት እጅ ያኔ የተጨበጠው ነው። እናቴን በብዙ ነገር አመሰግናታለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን በዚያች መልሷ።

ዳኛው «ዋስ አለሽ?» አሉ።

«እኔ አለሁ!» እትዬ ከኋላ ተነሡ። ዳኛው መዝገባቸውን ገለጥ አድርገው አዩና ግራ ገባቸው። «ቆይ፣ እርስዎ የጠቆሙት ሴትዮ አይደሉም እንዴ?»

«እኔው ነኝ። ሱቅም ቤትም አለኝ፣ አልሸሽም። ልጁ ከእኔ ጋር ይውላል። ከእንግዲህ ቢያለቅስ ለዳኛ ሳይሆን ለእናቱ ነው የምናገረው።»

ዳኛው ልጁ እንዲመለስ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋም እየተመላለሰች እንድታይ አዘዙ። እናቴ መሬት ስማ ስትወጣ «መቀነትሽን ውሰጂ» አሏት። «አልፈልገውም ጌታዬ» አለች። እትዬ «ውሰጂ እንጂ፣ ቀሚስሽ ሊወልቅ እኮ ነው!» ብለው ሲቆጡ ዳኛው ራሳቸው ሳቁ። እናቴም ወሰደችው። ማሳደጊያው ስንደርስ ወንድሜ ድኖ ነበር፤ ከስቷል እንጂ ደህና ነው። ጀርባዋ ላይ አዘለችውና በዚያው መቀነት ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። እስከ ኮልፌ ድረስ ለማንም አላዋሰችውም።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ክረምቱን በሙሉ ተመላለሰች። አከራያችንን አስጨንቃ የባሕር ዛፍ አጣና አስገዛችው፤ የሰፈሩ ወንዶች ገደሉን አጠሩልን። ሥራዋ አልቆ እንኳ እትዬ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣ ነበር። በኋላ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረች፤ ወዲያውም ዘመኑ ተለወጠ፣ የምንጠይቀው ሰውም ጠፋ። ብንፈልጋት አላገኘናትም። ይህን አንብባ ከሆነ፣ ጫማዋን ይዛ በባዶ እግሯ የገባችበት ቤት ዛሬም እያመሰገናት መሆኑን ትወቅልኝ።

ወንድሜ እትዬ ሱቅ ውስጥ አደገ። በሳሙና ካርቶን ላይ ተኝቶ፣ ስልጢኛ ከእሳቸው ለምዶ፣ በእሳቸው ቁጣ ተኮትኩቶ። እትዬ ሲያረጁ ሱቁን የሚከፍትና የሚዘጋው እሱ ሆነ፤ ሲታመሙም አዝሎ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው እሱ ነው። የሞቱ ዕለት ቃሬዛቸውን ከልጆቻቸው ጋር ተሸከመ። ቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያለቅስ ማን ሊያስቆመው ይችላል?

ከእናቴ አጠገብ ከገጠር ለለቅሶ የመጣች አንዲት የእትዬ ዘመድ ተቀምጣ ነበር። «ያ ልጅ ማን ነው? አንገቱ ላይ መስቀል አያለሁ፤ ከሁሉ በላይ የሚያለቅሰው ግን እሱ ነው» አለቻት።

«ልጃቸው ነው» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ያሾፈችባት መሰላት። «እንዴት ተደርጎ?»

እናቴ ከዚያ ፍርድ ቤት ወዲህ በእኛ ምላ አታውቅም። ገበያ ላይ እንኳ። ያን ቀን ግን እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ልጆቼን ይንሳኝ» አለች፣ «ልጃቸው ነው።»